አቧራን በአዙሪት መለየት፦ ስለ ሳይክሎን ከጎንደር

በጎንደር የእንጨት ሥራ ቤቶችና ወፍጮ ቤቶች ባሉበት ሰፈር የሚያልፍ ሰው፣ ከአንዳንዱ ጣሪያ በላይ ወይም ከግድግዳው ጥግ፣ ከላይ ክብ ከታች ሾጣጣ የሆነ የላሜራ ዕቃ ቆሞ ሊያይ ይችላል። ከጎኑ አንድ ወፍራም ቱቦ ይገባበታል፤ ከአናቱ ሌላ ቱቦ ይወጣል፤ ከሥሩ ደግሞ ጆንያ ወይም በርሜል ይታሰርበታል። ሳይክሎን የሚባለው አቧራ ሰብሳቢ ይህ ነው። እኔ በሙያዬ ከላሜራና ከብየዳ ጋር የምውል ሰው ስለሆንኩ ይህን ዕቃ ሊያሠሩ የሚመጡ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «ውስጡ ምን አለው?» ብለው ነው። ውስጡ ምንም የለውም። ወንፊት የለውም፤ ጨርቅ የለውም፤ የሚሽከረከር ክንፍም የለውም። አየሩን የሚገፋው ወይም የሚስበው ቬንትሌተር እንኳ የሚተከለው ከእርሱ ውጭ ነው። ባዶ ላሜራ ዱቄትንና ሰጋቱራን ከአየር እንዴት እንደሚለይ፣ የትኛውን አቧራ እንደሚይዝና የትኛውን እንደሚለቅ፣ እንዲሁም በጎንደር ከፍታ ላይ ሲሠራ መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ለምን እንደሚለይ በዝርዝር መጻፍ ከፈለግሁ ቆይቻለሁ።

አቧራ በአየር ላይ የሚንሳፈፈው ክብደት ስለሌለው አይደለም፤ አየሩ የሚይዝበት ኃይል ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ የበረታ ስለሆነ ነው። በአውድማ ላይ እህል በላይዳ ወደ ላይ ሲወረወር ፍሬው በክብደቱ ቁልቁል ይወርዳል፤ እብቁን ግን ነፋሱ ወደ ጎን ይዞት ይሄዳል። ሁለቱን የሚለያቸው ክብደትና ነፋስ በእያንዳንዷ ቅንጣት ላይ የሚያደርጉት ትግል ነው፤ በሳይክሎን ውስጥም ያለው ይኸው ትግል ነው። ልዩነቱ፣ የዱቄት ብናኝ ከእብቅም በብዙ እጅ የደቀቀ ስለሆነ የምድር ስበት ብቻውን ሊያሸንፍለት አለመቻሉ ነው። ስፋቷ 5.4 ማይክሮን የሆነች የዱቄት ቅንጣት ብንወስድ (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ሲሆን፣ የሰው ጸጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል) በረጋ አየር ውስጥ የምትወርደው በሴኮንድ 1.3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ከሁለት ሜትር ከፍታ ተነሥታ ወለሉን ለመንካት ከ25 ደቂቃ በላይ ያስፈልጋታል። ወፍጮ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰውም ቺንጋም ሞተርም አየሩን ሲያናውጡት ስለሚውሉ ያቺ ቅንጣት ቀኑን ሙሉ ሳታርፍ ትውላለች። ሳይክሎን የሚያደርገው የምድርን ስበት ከእርሱ በብዙ አሥር እጥፍ በሚበልጥ ኃይል መተካት ነው፤ ያንን ኃይል የሚያገኘውም አየሩን በማዞር ነው።

አቧራ ያዘለው አየር ወደ ክቡ ክፍል የሚገባው በመሃል ሳይሆን በጎን፣ የውስጡን ግድግዳ ታክኮ ነው። ቀጥ ብሎ እንዳይሄድ ግድግዳው ስለሚከለክለው ለመታጠፍ ይገደዳል፤ ከኋላው የሚመጣው አየር ስለሚገፋውም እየዞረ ቁልቁል ይወርዳል። አየር ቀላል ስለሆነ መታጠፍ አያስቸግረውም። ቅንጣቷ ግን ከአየሩ ከአንድ ሺሕ እጥፍ በላይ እፍጋት ያላት ስለሆነች የጀመረችውን ቀጥተኛ መንገድ መቀጠል ትሻለች፤ አየሩ በታጠፈ ቁጥር እርሷ ጥቂት ጥቂት እያለች ወደ ውጭ፣ ወደ ግድግዳው ትጠጋለች። ግድግዳው አጠገብ ያለው ስስ የአየር ንጣፍ ከላሜራው ጋር በሚያደርገው ፍትጊያ ዝግ ያለ ነው፤ እዚያ የደረሰች ቅንጣት ተመልሳ የምትነሣበት ኃይል ስለማታገኝ፣ ከሌሎች መሰሎቿ ጋር ሆና በጠመዝማዛ መስመር እየተንሸራተተች ወደ ታችኛው አፍ ትወርዳለች። ከዓመታት አገልግሎት በኋላ የተፈታ ሳይክሎን ውስጡ ሲታይ ይህ ጠመዝማዛ መስመር በላሜራው ላይ ተፍቆ በግልጽ ይታያል።

አየሩ በበኩሉ ሾጣጣው ሲጠብበት ወደ መሃል ይሰበሰብና አቅጣጫውን ወደ ላይ ይቀይራል። ስለዚህ በአንድ ዕቃ ውስጥ ሁለት አዙሪቶች አሉ፤ አንዱ ግድግዳውን ተከትሎ የሚወርድ ሰፊ አዙሪት ሲሆን፣ ሌላው በመሃሉ የሚወጣ ጠባብና ፈጣን አዙሪት ነው። ሁለቱም የሚዞሩት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። የሚወጣው አዙሪት ከአናቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ በተተከለው የመውጫ ቱቦ በኩል ተጣርቶ ይሄዳል። ይህ የመውጫ ቱቦ ከመግቢያው የታችኛ ጠርዝ ዝቅ ብሎ መውረድ አለበት፤ ካልወረደ ገና መዞር ያልጀመረው አቧራማ አየር በአቋራጭ ወጥቶ ይሄዳል። ላሜራ ለመቆጠብ ሲባል ይህ ቱቦ አጥሮ የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ በእኔ አስተያየት ከዚህ የከፋ ቁጠባ የለም፤ ምክንያቱም ዕቃው ከውጭ ሲታይ ምንም ሳይጎድለው ሥራውን ግን አይሠራም። ሾጣጣውን በተመለከተም ብዙ ሰው አቧራውን «የሚጨምቀው» እርሱ ይመስለዋል። መለየቱ በአብዛኛው የሚያልቀው ከእርሱ በላይ ነው፤ የሾጣጣው ዋና ተግባር የተለየውን አቧራ ወደ አንድ ጠባብ አፍ መሰብሰብና አዙሪቱን አጽንቶ ወደ ላይ መመለስ ነው።

ቁጥር ሳይገባበት ይህ ሁሉ ተረት ሊመስል ስለሚችል አንድ ሳይክሎን ለክተን እንመልከት። ላፕል የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተመው ምጣኔ እስከ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ ይገኛል፤ ሁሉም ልክ የሚነሣው ከክቡ ክፍል ዲያሜትር ነው። ዲያሜትሩ 60 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ የመግቢያው ቁመት 30፣ ስፋቱ 15 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ የመውጫ ቱቦው ዲያሜትር 30 ሳንቲሜትር ሆኖ 37.5 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ክቡ ክፍልና ሾጣጣው እያንዳንዳቸው 120 ሳንቲሜትር ይረዝማሉ፤ የታችኛው አፍ 15 ሳንቲሜትር ነው። አየሩ በሴኮንድ 15 ሜትር ፍጥነት ሲገባ በሴኮንድ 0.675 ኩብ ሜትር ያህል አየር ያልፋል። በዚህ ፍጥነት በ30 ሳንቲሜትር ራዲየስ የሚዞር ነገር የሚደርስበት ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል ከራሱ ክብደት 76 እጥፍ ነው። በረጋ አየር በሴኮንድ 1.3 ሚሊሜትር ትወርድ የነበረችው ቅንጣት አሁን ወደ ግድግዳው የምትጓዘው በሴኮንድ ወደ 10 ሳንቲሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው ማለት ነው። በላፕል ምጣኔ አየሩ ስድስት ጊዜ ያህል ስለሚዞር በውጭው አዙሪት የሚቆይበት ጊዜ ሦስት አራተኛ ሴኮንድ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቅንጣቷ 7.5 ሳንቲሜትር ትጓዛለች። የመግቢያው ስፋት 15 ሳንቲሜትር ስለሆነ፣ ከዚህ መጠን ቅንጣቶች መካከል ወደ ግድግዳው ቀረብ ብለው የገቡት ግማሾቹ ሲያዙ፣ ወደ መሃል ቀርበው የገቡት ግማሾቹ ያመልጣሉ። የሳይክሎን ሠሪዎች አንድን ሳይክሎን ከሌላው የሚያወዳድሩት በዚህ ቁጥር ነው፤ እኩሌታው የሚያዝበት እኩሌታው የሚያመልጥበት የቅንጣት ስፋት፣ በእኛ ምሳሌ 5.4 ማይክሮን ማለት ነው።

ከዚህ መጠን በላይና በታች ያለው ለውጥ ፈጣን ነው፤ ምክንያቱም ቅንጣቷን ወደ ውጭ የሚገፋት ኃይል ከስፋቷ ሦስተኛ እርቢ ጋር ሲያድግ፣ አየሩ የሚይዝበት ኃይል ግን የሚያድገው ከስፋቷ ጋር እኩል ብቻ ነው። ስፋቷ በግማሽ የቀነሰ ቅንጣት ወደ ግድግዳው የምትሄድበት ፍጥነት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በላፕል ስሌት ይኸው ሳይክሎን 54 ማይክሮን ስፋት ካላቸው ቅንጣቶች 99 ከመቶውን ይይዛል፤ 16 ማይክሮን ከሆኑት 90 ከመቶውን፤ 2.7 ማይክሮን ከሆኑት ግን 20 ከመቶውን ብቻ። ስለዚህ «ይህ ሳይክሎን 95 ከመቶ ይይዛል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም «የምኑን አቧራ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የመላጊያ ማሽን ፍርፋሪ ከሆነ ማንኛውም በመጠኑ በደንብ የተሠራ ሳይክሎን ከዚያም በላይ ይይዛል። በብርጭቆ ወረቀት የሚለሰልስ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) የሚያወጣው ብናኝ ከሆነ ግን ቁጥሩ ሌላ ነው።

ለእኛ አገር ወፍጮ ደግሞ ጤፍን ለይቶ ማንሣት ያስፈልጋል። የስንዴ ትላልቆቹ የስታርች ቅንጣቶች ከ20 ማይክሮን በላይ ሲሆኑ፣ የጤፍ ነጠላ የስታርች ቅንጣቶች በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 ማይክሮን የሚሆኑ ናቸው። በፍሬው ውስጥ ተጣብቀው በጥቅል የሚገኙ ስለሆኑ አብዛኛው ዱቄት ከዚህ የገዘፈ ነው፤ ነገር ግን በመፈጨት ብዛት ከጥቅሉ የተነጠለው ክፍል የሚያርፈው በትክክል ባለ 60 ሳንቲሜትሩ ሳይክሎን በሚወላውልበት መጠን ላይ ነው። ጤፍ ሲፈጭ ከሳይክሎኑ አናት የሚወጣው ጭስ መሰል ብናኝ ገብስ ከሚፈጭበት ጊዜ በዝቶ ቢታይ የሚያስገርም አይሆንም፤ ዕቃው ተበላሸ ብሎ መደምደምም አይገባም።

የደቀቀውን ለመያዝ የሚቻልባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። የመጀመሪያው ፍጥነትን መጨመር ነው። ከ15 ወደ 20 ሜትር በሴኮንድ ሲወጣ እኩሌታው የሚያዝበት መጠን ከ5.4 ወደ 4.6 ማይክሮን ይወርዳል፤ ቬንትሌተሩ የሚያሸንፈው ግፊት ግን ወደ 1.8 እጥፍ ያድጋል። ፍጥነቱ ከመጠን ካለፈም ግድግዳው ላይ የደረሰው አቧራ ተመልሶ ስለሚነሣ ትርፉ ኪሳራ ይሆናል። ሁለተኛው መንገድ ሳይክሎኑን ማሳነስ ነው። በአንድ ባለ 60 ሳንቲሜትር ፋንታ አራት ባለ 30 ሳንቲሜትር ሳይክሎኖች ጎን ለጎን ቢቆሙ ያንኑ ያህል አየር በዚያው ፍጥነት ያሳልፋሉ፤ እኩሌታው የሚያዝበት መጠን ግን ወደ 3.8 ማይክሮን ይወርዳል። ጀምስ ዳይሰን የተባለው እንግሊዛዊ ይህንኑ አሠራር ወደ ቤት ምንጣፍ መጥረጊያ ለማምጣት 5,127 የሙከራ ሞዴሎች እንደሠራ ይናገራል፤ በዛሬዎቹ መጥረጊያዎች ውስጥ በርካታ ጥቃቅን ሾጣጣዎች ተደርድረው የሚታዩትም ራዲየስ ሲያንስ ኃይሉ ስለሚበረታ ነው። ለወፍጮ ቤት ግን ይህን መንገድ አልመክርም። ባለ 30 ሳንቲሜትሩ የታችኛ አፍ 7.5 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ በክረምት እርጥበት የያዘ ዱቄት በቀላሉ ይደፍነዋል። አራቱ በአንድ በርሜል ላይ ሲገጠሙ ደግሞ አየር ከአንዱ አፍ ወጥቶ በሌላው አፍ ስለሚገባ እርስ በርሳቸው ይበላሻሉ።

አሁን ወደ ታችኛው አፍ ልመለስ፤ ምክንያቱም ሳይክሎን የሚሠራውም የሚከሽፈውም እዚያ ነው። ሰው ሁሉ የሚመለከተው ወደ ላይ፣ ጭሱ ወደሚወጣበት ቱቦ ነው፤ ችግሩ ግን በብዛት የሚገኘው ከሥር ነው። የመሃለኛው አዙሪት በፍጥነት ስለሚዞር በእምብርቱ ያለው ግፊት ከግድግዳው በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ይህ ዝቅተኛ ግፊት ደግሞ እስከ ታችኛው አፍ፣ አንዳንዴም እስከ በርሜሉ ውስጥ ይዘልቃል። ቬንትሌተሩ ከሳይክሎኑ በፊት ሆኖ አየሩን በሚገፋበት አሠራር እንኳ የእምብርቱ ግፊት ከውጭው አየር ሊያንስ ይችላል፤ ቬንትሌተሩ ከኋላ ሆኖ በሚስብበት አሠራር ግን ሁልጊዜ ያንሳል። በበርሜሉ ክዳን ወይም በማሰሪያው በኩል ትንሽ ክፍተት ሲኖር የውጭ አየር ይሳባል፤ የተሳበው አየር የሚሄድበት ሌላ መንገድ ስለሌለው በታችኛው አፍ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም ሊወድቅ የደረሰውን ብናኝ ይዞ በቀጥታ ወደ መውጫው ያደርሰዋል። ሾጣጣውና መግቢያው በምንም ያህል ጥንቃቄ ቢሠሩ ከሥር የገባውን አየር ሊያርሙት አይችሉም።

ከዚህ የሚከተለው የተግባር ጉዳይ ብዙ ነው። ቬንትሌተሩ በሚስብበት አሠራር ጆንያ አይሆንም፤ ወደ ውስጥ ተጠብቶ ይጣበቃል፤ ጠንካራ በርሜልና ዙሪያውን የላስቲክ ጓርኒሲዮን ያለው፣ በቡሎን ወይም በማጥበቂያ የሚጠበቅ ክዳን ያስፈልጋል። በርሜሉ እስከ አፉ ሲሞላ አዙሪቱ የተጠራቀመውን መልሶ ይልሰዋል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ መገልበጥ ይገባል። ሥራ ሳያቋርጡ መገልበጥ ለሚፈልጉ ከበርሜሉ በላይ ሁለት መዝጊያዎች ተከታትለው ይገጠማሉ፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው የተዘጋ ይሆናል። ክፍተት መኖሩን ለማወቅ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ በክር አንጠልጥሎ ማሽኑ እየሠራ በመጋጠሚያው ዙሪያ ማስጠጋት በቂ ነው፤ ሶፍቱ ወደ ላሜራው ከተሳበ አየር እየገባ ነው። በዱቄት ብናኝ አጠገብ ሻማ ወይም ዕጣን እያጨሱ መፈተሽ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እመጣበታለሁ። ሌላው ጉዳይ መዶሻ ነው። ሾጣጣው ሲደፈን ከውጭ በመዶሻ መምታት የተለመደ ነው፤ በተመታ ቁጥር ወደ ውስጥ የሚጎደጉደው ላሜራ ግን ተንሸራትቶ የሚወርደውን አቧራ ወደ አየሩ የሚወረውር ጉብታ ይሆናል። ያልተሞረደ የውስጥ ብየዳም ያንኑ ያደርጋል። በሾጣጣው ላይ ክዳን ያለው የእጅ መግቢያ መሥራት መዶሻውን ያስቀራል።

በጎንደር የሚሠራ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ በየትኛውም የአምራች ወረቀት ላይ ተጽፎ አላገኘሁትም፤ ሆኖም ከስሌቱ ራሱ የሚወጣ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሯ እፍጋት በኩብ ሜትር 0.94 ኪሎግራም አካባቢ ነው፤ መጻሕፍት የሚያሰሉት በባሕር ወለል ባለው 1.2 ኪሎግራም ነው። አየሩ ከሳሳ ሳይክሎኑ አቧራ መያዙ ይቀንሳል ወይ? አይቀንስም። ቅንጣቷን የሚይዛት የአየሩ እፍጋት ሳይሆን ዝልግልግነቱ፣ ማለትም በውስጡ የሚያልፈውን ነገር የሚጎትትበት ባሕርይ ነው፤ የአየር ዝልግልግነት ደግሞ በሙቀት እንጂ በከፍታ አይለወጥም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የመግቢያው ፍጥነት እስካልተለወጠ ድረስ 5.4 ማይክሮን በጎንደርም በምጽዋም 5.4 ማይክሮን ነው። ቬንትሌተሩም በአንድ ዓይነት ዙር እስከ ዞረ ድረስ የሚያንቀሳቅሰው የአየር መጠን በኩብ ሜትር ያው ነው፤ የሚፈጥረው ግፊትና የሚያሸንፈው ግፊት ሁለቱም እኩል ስለሚቀንሱ ሚዛኑ አይናጋም።

የሚለወጠው የግፊቱ ንባብ ነው። በላፕል ምጣኔ የተሠራው ሳይክሎናችን በባሕር ወለል 1,080 ፓስካል (ፓስካል የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ግፊት ይበላል፤ ከመግቢያው እስከ መውጫው ግፊቱ በዚህ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው፤ በውሃ ዓምድ ሲለካ 11 ሳንቲሜትር ማለት ነው። በጎንደር ግን የሚበላው 850 ፓስካል ገደማ፣ ማለትም ከ8 ሳንቲሜትር ተኩል ብዙም የማይበልጥ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ለክቶ ስምንት ተኩል ሲያገኝ «ቬንትሌተሩ ደከመ» ብሎ ፑሌውን ሊያስቀይር፣ ዙሩን ሊያስጨምርና ኩሽኔታውን ያለ ምክንያት ሊጨርስ ይችላል። ይኸው ማሽን ወደ መተማ ቆላ ቢወርድ፣ ሙቀቱ በ35 ዲግሪ እንኳ ቢሆን፣ እዚያ ያለው አየር ከጎንደር የወፈረ ስለሆነ ወደ 9 ሳንቲሜትር ተኩል ያነባል። ሞተርን በተመለከተም ስሱ አየር ሁለት ፊት አለው፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሚሳሳ በተለመደው ደረጃ የሚሠሩ ሞተሮች ሙሉ ጉልበታቸው የተመደበው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ በሌላ በኩል ግን ቬንትሌተሩ ራሱ የሚጠይቀው ጉልበት ከአንድ አምስተኛ በላይ ስለሚቀንስ አንዱ ሌላውን ያካክሳል። ጥንቃቄ የሚፈልገው አግድም የተዘረጋው ቱቦ ነው፤ ስስ አየር ከባድ ፍርፋሪን አንሥቶ የመሸከም አቅሙ ስለሚያንስ ለእንጨት ሥራ ቤት ቱቦ ሲለካ ጠበብ፣ አየሩን ደግሞ ፈጠን ማድረግ ይሻላል።

ይህ ዕቃ በመጀመሪያ የተፈለገው ለጤና ተብሎ ሳይሆን ለዱቄት ፋብሪካዎች መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2 ቀን 1878 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ዋሽበርን ኤ የተባለው ታላቅ የዱቄት ፋብሪካ በአየር ላይ የተበተነ ዱቄት ተቀጣጥሎበት ፈንድቶ 18 ሰዎች ሞተዋል። ሰባት ዓመት ቆይቶ በ1885 ጆን ፊንች የተባለ ሰው የሳይክሎን አቧራ ሰብሳቢ የፈጠራ መብት በዚያው በአሜሪካ አገኘ። የስንዴ ዱቄት በአንድ ኩብ ሜትር አየር 50 ግራም አካባቢ ሲደርስ የእሳት ብልጭታ ቢያገኝ ሊፈነዳ ይችላል። በወፍጮ ቤቱ ክፍል ውስጥ ይህን ያህል ብናኝ አይገኝም፤ በቱቦውና በሳይክሎኑ ውስጥ ግን ሊገኝ ይችላል፤ እነርሱም ዝግ ናቸው። ሻማው የተከለከለው ለዚህ ነው። ከእህል ጋር የገባ ምስማር ብልጭታ እንዳይፈጥር ከወፍጮው አፍ በፊት ማግኔት ማድረግና፣ ዱቄቱ ከላሜራው ጋር ሲፋተግ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ እንዲወርድ ሳይክሎኑን በሽቦ ከመሬት ጋር ማገናኘት ርካሽ ሥራዎች ናቸው።

ከጤና አንጻር ሲታይ ሳይክሎን ብቻውን በቂ አይደለም፤ ይህን በግልጽ መናገር እመርጣለሁ። ከ10 ማይክሮን የሚበልጠው ብናኝ በአብዛኛው በአፍንጫና በጉሮሮ ይቀራል፤ ከ4 ማይክሮን በታች ያለው ግን ወደ ሳንባው ጥልቅ ክፍል ይደርሳል። ሳይክሎኑ በብዛት የሚለቀው ደግሞ ይህንኑ ነው። የዱቄት ብናኝ በሚተነፍሱት ሰዎች ላይ አስም ማምጣቱ ከታወቀ የቆየ ሲሆን፣ የእንጨት ብናኝ በአፍንጫ ውስጥ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ምደባው አጽንቷል። አንድ በዕድሜ የገፉ ባለወፍጮ «አንተ ልጅ፣ ይሄን ካስገጠምሁ ጨርቁን ልጣለው?» ብለው ሲጠይቁኝ «አይ፣ አይጣሉት ጋሼ፤ ይልቅስ ከሳይክሎኑ በኋላ ያድርጉት» ነበር ያልኋቸው። የጨርቅ ከረጢት ደቃቁን ይይዛል፤ ጠላቱ ቶሎ መደፈኑ ነው፤ ሳይክሎን ከፊቱ ሲቆም ከክብደቱ አብዛኛውን ስለሚያስቀርለት ጨርቁ በየሰዓቱ መራገፉ ይቀራል። ጨርቅ ለማድረግ አቅም ካልፈቀደ የመውጫውን ቱቦ ከጣሪያ በላይ ማውጣትና ወደ ጎረቤት መስኮት አለማዞር ቢያንስ የሚጠበቅ ነገር ነው። የሳይክሎኑን መውጫ ወደዚያው ወደ ሥራ ክፍሉ መመለስ ግን ትልቁን አቧራ ከወለል ላይ አንሥቶ ደቃቁን ለሠራተኛው ማቅረብ ነው።

የሚገርመው፣ ይህ ደቃቅ ብናኝ በሠራተኛው ዙሪያ ምን ያህል እንደሆነ የሚለካውም በሳይክሎን ነው። የሙያ ጤና ባለሙያዎች በሠራተኛው ኮሌታ ላይ የሚሰኩት ዲያሜትሩ 10 ሚሊሜትር የሆነ የናይሎን ሳይክሎን አለ፤ ትንሽ ፓምፕ በደቂቃ 1.7 ሊትር አየር ስትስብበት ትልልቁን ብናኝ ለይቶ ይጥልና ወደ ሳንባ የሚደርሰውን ብቻ ወደ ማጣሪያ ወረቀት ያሳልፋል፤ እኩሌታው የሚለይበት መጠን 4 ማይክሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ተጀምሮ የጤና መኮንኖችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን የኖረው ተቋም፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በተቀመጠበት ከተማ ይህን ዓይነት ልኬት የሚያውቅ ባለሙያ ፈልጎ ማማከር ከሌላ ቦታ ይልቅ የቀለለ ሊሆን ይገባዋል።

የራሱን ሳይክሎን ጤንነት መከታተል የሚፈልግ ሰው ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። ሁለት ሜትር ያህል ጥርት ያለ የፕላስቲክ ጎማ በዩ ቅርጽ ከጣውላ ላይ አስሮ፣ እኩሌታውን ቀለም በነካ ውሃ ሞልቶ፣ አንዱን ጫፍ ከመግቢያው ቱቦ ሌላውን ከመውጫው ቱቦ ጋር በትንሽ ቀዳዳ ማገናኘት ነው። ቀዳዳው ከውስጥ በኩል ልሙጥ ሆኖ ከግድግዳው ጋር እኩል መሆን አለበት። ማሽኑ አዲስ ሳለ፣ እህል ሳይገባበት ባዶውን ሲሠራ፣ በሁለቱ የውሃ ከፍታዎች መካከል ያለውን ልዩነት ጣውላው ላይ ምልክት ማድረግ ይገባል። ባዶውን የምለው አየሩ አቧራ ሲሸከም፣ የአዙሪቱ ፍጥነት በግድግዳው ላይ በሚፋተገው አቧራ ስለሚቀንስ፣ የሚበላው ግፊት ከንጹሕ አየር ያነሰ ስለሚሆን ነው፤ ሁለቱን ንባቦች ማደባለቅ ያሳስታል። ከጊዜ በኋላ የባዶው ንባብ ከምልክቱ ወርዶ ከተገኘ የሚያልፈው አየር ቀንሷል ማለት ነው፤ ንባቡ ወደ ግማሽ ሲወርድ የሚያልፈው አየር ከቀድሞው 70 ከመቶ ገደማ ብቻ ሆኗል፤ ግፊቱ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ። በዚያን ጊዜ በቅድሚያ የሚታየው ከኋላ ያለው ጨርቅ መደፈኑ ነው፤ ቀጥሎ የቬንትሌተሩ ቺንጋ መላላቱ፤ ከዚያ ወደ ሳይክሎኑ የሚያመጣው ቱቦ በሰጋቱራ ወይም በዱቄት መጥበቡ ነው። ንባቡ ሳይለወጥ ከአናቱ የሚወጣው ብናኝ ብቻ ከበዛ ደግሞ ሶፍቱን ይዞ ወደ በርሜሉ ክዳን መሄድ ነው።